ካሳ ማለት ምንድን ነው? (ስሙን ማለቴ ነው)

ካሳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኢንሹራንስ ነው፣ ወይ ደግሞ መንገድ ሲሰራ ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚጠብቀው ብር። ልክ ነው፣ ቃሉ አንድ ነው። ካሰ፣ ይክሳል፣ ካሳ፣ ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ማለት ነው፣ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የሚቆርጡትም ካሳ ነው። ስም ሲሆን ግን ካሹ እግዜር ነው፣ የሚከፈለው ደግሞ ልጁ ራሱ።

ልጅ የሞተባትን እናት «ፈጣሪ በልጅ ይካስሽ» ይሏት የለ? ከዛ ስትወልድ «ካሰኝ» ትላለች፣ ልጁም ካሳ ይባላል። ሁሌ በልጅ ሞት ብቻ አይደለም፣ ባሏ ሞቶባት እርጉዝ የነበረች፣ ወንድሟን የቀበረች፣ ለብዙ ዓመት ልጅ አጥታ የኖረችም ታወጣዋለች።

እኔ ስሙን የማውቀው በአጎቴ ነው። አያቴ ሁለት ዓመት የሞላት ልጇ በኩፍኝ ሞተችባት፣ በዓመቱ አጎቴ ተወለደ፣ ካሳ አለችው። ትንሽ ልጅ ሆኜ የሞተችው ማን ትባል ነበር ብዬ ጠይቄያት አልመለሰችልኝም፣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ዝም አለች፣ ቆይታ «ካሳን ጥራልኝ» አለችኝ። እሱ ያኔ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሚስትና ልጅ አለው፣ መጥቶ ምን ፈለግሽ ሲላት «ምንም፣ ቁጭ በል» ነው ያለችው። ለዚህ ነው ካሳ የሚባል ሰው በተዋወቅኩ ቁጥር ከሱ በፊት ማን ነበር የሚለው የሚመጣብኝ።

በዛ ላይ ስሙ ውስጥ የሚያወራ ሰው አለ፣ ይሄን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ካሳሁን፣ ልጁን «ካሳ ሁን» እያሉት ነው፣ ገና ጡት ሳይጥል ትልቅ አደራ ነው የተሰጠው። ካሳነሽ፣ ለሴቷ ልጅ ካሳ አንቺ ነሽ። ካሳዬ፣ የኔ ካሳ። ካሴና ካሱ ደግሞ ሲቆላመጥ ነው፣ ራሱን ችሎም ስም ሆኗል። መካሻ የሚባልም አለ።

ዘመዶችም አሉት፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፣ መርሻ። ሁሉም ከሀዘን በኋላ የሚወጡ ናቸው ግን አንድ አይደሉም። ምትኩ ስትል በሄደው ቦታ ሌላ ገባ ነው፣ ማስረሻ ሀዘኑን እንዲያስረሳ ነው። ካሳ ግን ለኔ ከሁሉም እውነተኛው ነው ምክንያቱም የጠፋው ተመለሰ አይልም፣ ተረሳም አይልም፣ ጠፍቷል ግን ዝም አልተባልኩም ነው የሚለው።

ትግርኛ ላይ ካሕሳይ ነው፣ አማርኛ የዋጣት ሐ እዛ አለች። አረቦቹ ጋ ያለው ዓወድ የሚለው ስምም ትርጉሙ ያው ካሳ ነው፣ ሱዳን ውስጥ ሞልቷል። እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤሎች ጋም ካሳ የቤተሰብ ስም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ታሪክ ላይ ደግሞ ስሙ ዙፋን ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ! የቋራው ካሳ ኃይሉ የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ ቴዎድሮስ ተባለ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሳል የሚል ትንቢት ስለነበር። የትግራዩ ካሳ ምርጫ ደግሞ ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ አጼ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፎ በጥር 1864 አክሱም ላይ አጼ ዮሐንስ ተባለ። ሁለቱም ካሳ ስለሆኑ የሚለያቸው የፈረስ ስማቸው ነው፣ አባ ታጠቅ ካሳ ካሉ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ካሳ ካሉ ዮሐንስ። እንደውም ቴዎድሮስን እስከዛሬ ሰው ሲያወድሰው «መይሳው ካሳ» ነው የሚለው፣ የዘውድ ስሙ የእናቱን ቤት ስም አላጠፋውም።

እኔን ሁሌ የሚያሳዝኑኝ ግን ራስ ካሳ ኃይሉ ናቸው፣ የሰላሌው፣ የቴዎድሮስ ሞክሼ። እሳቸው በስደት እያሉ በ1929 ሦስት ልጆቻቸውን፣ ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋወሰንን ጣልያን ገደለባቸው። የተረፈውን አስራተ ካሳን ደግሞ እሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ በኅዳር 1967 ደርግ ረሸነው። እንዲህ ያለ ስም ይዞ አራት ልጅ በሰው እጅ።

አሁን ስሙ አለ ወይ? አለ፣ ግን በብዛት የአባትና የአያት ስም ሆኖ ነው። አዲስ አበባ አንድ መዋዕለ ህጻናት ግቡና ካሳ ብላችሁ ተጣሩ፣ ዞር የሚል ልጅ ብታገኙ ይገርመኛል፣ ናታንና ሶልያና ነው የሞላው። ፋሽን ነው ይላሉ፣ ይሆናል፣ እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በ1992 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት በህይወት ከተወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2008ቱ ጥናት 67 ሆኗል። ክትባቱ አለ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ ትመጣለች። 67ም ቢሆን ብዙ ነው ግን በልጅ የሚካስ እናት ቁጥር ቀነሰ ማለት ነው፣ ስሙ በዚህ ምክንያት ቢቀንስ እኔ ደስ ነው የሚለኝ።

አጎቴ አምና አረፈ። በሁለተኛው ወር ሴት ልጁ ወንድ ወለደች፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ናሆም ነው የሚለው፣ የአጎቴ ሚስት ግን ናሆም ብላ ጠርታው አታውቅም፣ ጡቱን ጠብቶ ሲጨርስ ትቀበልና ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች «ካስዬ» ነው የምትለው።