ሌቭልስ ምንድን ነው? የደበዘዘ ፎቶ በቤት ኮምፒውተር

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሰፈር ሲነሳ ከግድግዳ ወርዶ ካርቶን የገባ ፎቶ ብዙ ነው። አውጥታችሁ ስታዩት ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል፣ ነጩ ወይቧል። «ይሄማ አለቀለት» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አላለቀለትም። መድኃኒቱ ሌቭልስ ይባላል። የፎቶ ብርሃን ማስተካከያ ነው፤ ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ በነጻ በሚገኘው ጊምፕ ውስጥም አለ።

ኮምፒውተር ብርሃንን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በተለመደው ፎቶ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹህ ነጭ ነው። ሌቭልስን ስትከፍቱ ኮረብታ የሚመስል ሥዕል ይመጣል። ሂስቶግራም ይሉታል፤ በየቁጥሩ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ፣ እንዳለ ያሳያል። ፎቶው ከደበዘዘ ኮረብታው መሀል ላይ ይታጨቃል፤ ለምሳሌ ከ90 እስከ 200። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ምልክት ወደ 90፣ ነጩን ወደ 200 ስትስቡ ፕሮግራሙ የታጨቀውን ይዘረጋዋል። በ1960ዎቹ የተነሳው የአጎታችሁ አፍሮ ተመልሶ ይጠቁራል።

ነጩ ላይ ግን ረጋ በሉ። ትንሽ ካበዛችሁት የነጠላው እጥፋት ይጠፋና ባዶ ነጭ ብቻ ይቀራል። እኔ ኮረብታው ጫፍ ሳልደርስ አቆማለሁ። የድሮ ፎቶ ትንሽ ያረጀ ቢመስል ምን ችግር አለው?

ከለር ፎቶ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ የድሮ ከለር ፎቶ አልበም ውስጥ ተዘግቶበትም ይቀላል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት ቀለሞች እኩል አይለቁማ! ሳያን የሚባለው፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለው ቀለም፣ ጨለማ ውስጥም ይለቃል። ቀይ ብርሃንን ይዞ የሚያስቀር እሱ ስለነበር፣ እሱ ሲሄድ ቀዩ ሁሉንም ይወርሳል። ስለዚህ ሌቭልስ ውስጥ ቻናል የሚለውን ከፍታችሁ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ዘርጉ። የቀዩ ኮረብታ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ጥቁሩን ምልክት እስከ ኮረብታው መነሻ አምጡለት። የሰው ፊት ወደ መልኩ ሲመለስ ያኔ ታያላችሁ።

ሌቭልስ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። በአንድ ጠቅታ ፊት የሚያጠሩት የኤአይ አፖች ግን ይፈጥራሉ። አያታችሁ አምረው ይወጣሉ፤ ብቻ እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ።

ስካኑ፣ ማለትም ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ቅጂ፣ ከተበላሸ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ፎቶ ቤት ስታሰሩ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ቲፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት፣ ከተቻለም 16 ቢት በሉ። ቢቱ የብርሃኑን ደረጃ ብዛት ይወስናል፤ 8 ቢት ያለው ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ደረጃ ብቻ ነው። ከ90 እስከ 200 የታጨቀውን፣ 110 ደረጃ ያህል ብቻ ያለውን፣ ወደ 256 ስትለጥጡት መሀሉ ይሳሳና ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ያወጣል። 16 ቢት ግን ከ65,000 በላይ ደረጃ ስላለው መለጠጡ አይታወቅበትም። የስካነሩን አውቶ ማስተካከያም አስጠፉ፤ ጫፍ ጫፉን ቆርጦ ከጣለው በኋላ የሚዘረጋ አይኖርም።