የቅድመ ክፍያ ሞባይል ጥቅል፦ ለማን የትኛው ይሻላል?

ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚነካካ ሰው ካያችሁ፣ የዕለቱን ጥቅል እየገዛ ሊሆን ይችላል። ኮከብ፣ 999፣ መሰላል። ከዚያ ቁጥር ይመርጣል፣ ደግሞ ይመርጣል፣ ያረጋግጣል። ጣቱ መንገዱን ስለለመደው ዝርዝሩን አያነብም። ትናንት የገዛውን ዛሬም ይገዛል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ጊዜ ሰጥቶ ቢያሰላው በወር ደህና ገንዘብ ይተርፈው ነበር።

ቅድመ ክፍያ ስሙ እንደሚለው ነው። መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ይደወላል። በወሩ መጨረሻ የሚመጣ ቢል የለም። ድህረ ክፍያ ደግሞ ተጠቅሞ ኋላ መክፈል ነው፤ እሱ በብዛት የመሥሪያ ቤቶችና የድርጅቶች ነው። አገራችን ውስጥ ሞባይል ከያዘው ሕዝብ አብዛኛው የቅድመ ክፍያ ደንበኛ ነው።

ሞባይል ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ወረፋ ነበረው። ሲሙ ከተገኘ በኋላ ካርድ መፋቅ መጣ። ከሱቅ ትንሿን ወረቀት ገዝቶ፣ በሳንቲም ፍቆ፣ ድብቅ ቁጥሩን በ*805* አስገብቶ ብሩ ሲሞላ ማየት። ያኔ ማወዳደር የሚባል ነገር አልነበረም። ድርጅቱ አንድ፣ ታሪፉም እሱ ያወጣው ብቻ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በዛሬ ስሙ የተቋቋመው በኅዳር 2003 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ጥሪ ዋጋን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትንና የአጭር መልዕክትን ዋጋ ደግሞ 43 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ለብዙ ሰው የየቀን ነገር እየሆነ መጣ።

ሁለተኛው ለውጥ ተወዳዳሪ መምጣቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ዘርፉም ለሌላ ኩባንያ ተከፈተ። የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ሞከረ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። በ09 ብቻ የሚጀምረው የስልክ ቁጥራችን በ07 የሚጀምር ጎረቤት አገኘ። «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄም ያኔ እውነተኛ ጥያቄ ሆነ።

ዋጋ እዚህ አልዘረዝርም። ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ የበዓል ቅናሽም ይመጣል ይሄዳል። የማይቀየረው አሠራሩ ነው።

የሞላችሁት ብር መጀመሪያ የሚቀመጠው ዋና ሂሳብ ላይ ነው። ጥቅል ሳትገዙ ብትደውሉ ወይም ዳታ ብትከፍቱ በመደበኛው ታሪፍ ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ይህ ውዱ መንገድ ነው። ጥቅል ሲገዛ ግን ከዋናው ሂሳብ የተወሰነ ብር ይነሳና ደቂቃ፣ ሜጋ ባይት ወይም መልዕክት ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል። የሚያገለግልበት ጊዜም ይቆረጥለታል፤ ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ። አደጋው ጥቅሉ ሲያልቅ ነው። ዳታው ክፍት ከሆነ ስልኩ ወደ ዋናው ሂሳብ ሊዞርና እዚያ ያለውን ሊቆርጥ ይችላል። «ካርዴን በላብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

እኔም ላይ ደርሷል። አንድ ሌሊት ዳታ ሳልዘጋ ተኛሁ። ስልኩ ራሱን ሲያድስ አደረ። ጠዋት ጥቅሉም የለ፣ ለእናቴ ልደውልበት ያስቀመጥኩት 50 ብርም የለ። ደንበኞች አገልግሎት ብደውል ያገኘሁት መልስ «ተጠቅመውበታል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ስልኬ ተጠቅሞበታል። ግን ጥቅሉ ሲያልቅ መስመሩ ቆሞ መጀመሪያ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? እስከዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ ወዲህ ማታ ዳታ ሳልዘጋ ተኝቼ አላውቅም።

ወደ ማወዳደሩ እንምጣ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጊጋውን ነው። ቀጥሎ ብሩን ለጊጋው ያካፍላል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ለስሌት ያህል አንድ ምሳሌ እናንሳ። ለ1 ቀን የሚያገለግል 1 ጊጋ በ20 ብር፣ ለ1 ወር የሚያገለግል 5 ጊጋ ደግሞ በ150 ብር ይሸጣል እንበል። በጊጋ ሲታይ ዕለታዊው 20 ብር፣ ወርሃዊው 30 ብር ነው። ስለዚህ ዕለታዊው የረከሰ ይመስላል። አሁን በቀን 150 ሜጋ ብቻ የሚጠቀም ሰው እናምጣ። ቴሌግራም ያያል፣ ዜና ያነባል፣ ሌላ የለም። ይህ ሰው በ30 ቀን የሚፈጀው 4.5 ጊጋ ገደማ ነው። ወርሃዊው በ150 ብር ይበቃዋል። በየቀኑ ዕለታዊውን ከገዛ ግን 600 ብር ያወጣል። የቀረው ጊጋ በየቀኑ ሳይነካ ይቃጠላል። ለሱ ረከሰ የተባለው አራት እጥፍ ውድ ነው።

ነገሩ ይገለበጣልም። ያው ሰው ዳታ የሚከፍተው በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን በወር አራት ዕለታዊ ገዝቶ በ80 ብር ይጨርሳል። በዚህ ምሳሌ ድንበሩ 7 ቀን ነው። በወር እስከ 7 ቀን ለሚከፍት ዕለታዊው፣ ከዚያ በላይ ለሚከፍት ወርሃዊው ያዋጣል። እናንተም የራሳችሁን ድንበር ማግኘት ትችላላችሁ። የወርሃዊውን ዋጋ ለዕለታዊው ዋጋ ማካፈል ነው፣ በቃ።

የአንድ ቀን ፍጆታችሁን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል። ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱ፤ የትኛው አፕ ስንት እንደበላ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ብዙ ሰው እዚያ ሲገባ ይደነግጣል። ቪዲዮ ጥራቱ ከፍ ካለ በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል። ቴሌግራም ደግሞ ካልከለከላችሁት በየቻናሉ የሚለጠፈውን ፎቶና ቪዲዮ ሳትጠይቁት ያወርዳል። ይህን ማጥፋት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእህቴን ስልክ እኔው አጠፋሁላት፤ ሳምንት የማይደርስላት ጥቅል ያለ ችግር ሳምንቱን ጨረሰ። አንዳንዴ የሚሻለው ጥቅል አሁን ያላችሁ ነው፣ ቀዳዳው ከተደፈነ።

ዕለታዊ የሚገዛ ሁሉ ሒሳብ አያውቅም ማለት አይደለም። በአንዴ 150 ብር ማውጣት የማይችል አለ። ቡና በኪሎ ሳይሆን በሲኒ አስለክቶ እንደሚገዛ ሰው ማለት ነው። በሲኒ ሲገዛ እንደሚወደድ ያውቀዋል፣ ዛሬ ያለው ግን የሲኒ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሳምንታዊው ጥሩ መሀለኛ ነው። የደሞዝ ሰሞን ወርሃዊውን ገዝቶ ማስቀመጥም አንድ ዘዴ ነው።

ትንንሽ ፊደላቱን ማንበብ ያስፈልጋል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፣ ፊልምና የትምህርት ፋይል ለሚያወርድ ተማሪ የተሠራ ይመስላል። ግን ሰዓቱ በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ይህን ሳያጣሩ ገዝተው ያዘኑ አሉ። «ያልተገደበ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ወሰን አለው። ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል። የድምፅ ጥቅል ከሆነ ደግሞ ደቂቃው ከ09 ወደ 07 ወይም ከ07 ወደ 09 ስትደውሉ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰባችሁ በሁለቱ መስመሮች ተከፋፍሎ ከሆነ ከዋጋው ይልቅ ይሄ ይወስናል።

ኔትወርክ በሌለበት ርካሽ ጥቅል ምንም አይሠራም። ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ዓመታት ብቻውን ስለሠራ በገጠሩ ሰፋ ብሎ ተዘርግቷል። ሳፋሪኮም ከከተሞች ጀምሮ እየሰፋ ነው። ስለዚህ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ነጋዴና አዲስ አበባ ውስጥ ውሎ የሚያድር ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። እኔ የምመክረው ሞክሮ ማየት ነው። ሲሙን አውጡ፣ ትንሿን ዕለታዊ ጥቅል ግዙ፣ ማታ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ቪዲዮ ክፈቱ። ሥራ ቦታም እንዲሁ። ግድግዳ ውስጥ የማይገባ ሲግናል በማስታወቂያ አይስተካከልም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው 09ን ለጥሪና ለቴሌብር፣ 07ን ለዳታ አድርጎ ሲጠቀም አያለሁ። ለብዙው የከተማ ሰው ብልህ አካሄድ ነው፤ ሁለት ቦታ የሚረሳ ጥቅል እስካልተከመረ ድረስ።

ክፍያው ላይ፣ ከተፋቂው ካርድ ሌላ ቴሌብር ከግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። በእነሱ ሲገዛ ጉርሻ የሚጨመርበት ጊዜ ስላለ ማየቱ አይከፋም። የአየር ሰዓት ብድር ግን የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቆረጥበት ለጭንቅ ቀን ይቆይ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ለቤተሰብ ካርድ ከዚያው መሙላት ይችላሉ። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ደግሞ የመጣበትን አገር ሲም በሮሚንግ ከሚያስከፍት በፓስፖርቱ እዚህ ሲም ቢያወጣ ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት አሉ። ልጃቸው ቤይሩት ነው የምትሠራው። የምትደውለው እሁድ፣ በኢሞ፣ በቪዲዮ ነው። የሌላውን ቀን ስልካቸው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይውላል። ልጅቱ እናቴ አይቸገሩብኝ ብላ በየወሩ ካርድ ትልካለች፣ አንዱ የሰፈር ልጅ ወርሃዊ የዳታ ጥቅል ይገዛላቸዋል። ወሩ ሲያልቅ ግማሹም አልተነካም። አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ «ና እስቲ የዛሬዋን ግዛልኝ» ይሉኛል። ዕለታዊዋን እገዛላቸዋለሁ። በወር አራት እሁድ፣ አራት ጥቅል። የተረፈው ብር ዋናው ሂሳብ ላይ ስለሚቆይ በአዘቦት ቀን ደብረ ብርሃን ላለች እህታቸው ይደውሉበታል። ድሮ እሷን የሚያገኙት ሚስኮል አድርገው፣ መልሳ እስክትደውል እየጠበቁ ነበር።