ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል የምትሉ፣ እስቲ ላናግራችሁ

ፓቶሎጂ ነው የምሰራው፣ እንጀራዬ ከበሽተኛ ሰውነት የተወሰደ ናሙና ማየት ነው፣ እና መርፌ ይዤ በቀረብኩ ቁጥር "ዶክተር፣ ነክተኸው ቢቆጣስ?" የሚለኝ አላጣም። ኧረ ሰለቸኝ!

ትንንሾቹን ወሬዎች መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ አብራችሁ ብሉ። የማህጸን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ግን ቫይረስ ስለሆነ ይተላለፋል፣ ክትባቱም እኛ ጋ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ተጀምሯል፣ መካን አያደርግም፣ በቃ። ስኳር ስተው ካንሰሩ ይራባል ለሚለው፦ የካንሰር ሴል ግሉኮስ ይወዳል፣ ፔት ስካን የሚባለው የምስል ምርመራም የሚሰራው በዚሁ ጸባዩ ነው፣ ግን እናንተ ብትተዉ ጉበታችሁ ራሱ ግሉኮስ ይሰራል፣ የሚከሳው ሰውየው ነው።

ወደ ቢላው። "እከሊት ደህና ነበረች፣ ኦፕራሲዮን ሆና በሦስት ወሯ ሞተች" ትሉኛላችሁ። ደህና አልነበረችማ! የገዛ አክስቴ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር አግኝታ ዓመት ሙሉ ደበቀችን፣ ጎረቤቷ "ካስነካሽው አለቀልሽ" ብላት፣ ስትመጣ ብብቷ ስር ገብቶ ነበር። ማን በተነው? ቢላ እኮ ገና አላያትም።

መርፌው ባለፈበት ሴል ሊቀር ይችላል ወይ ካላችሁ በጣም አልፎ አልፎ አዎ፣ ለዛም ነው ሀኪም መርጦ የሚወጋው፤ የወንድ ፍሬ ላይ ከተጠረጠረ ለምሳሌ በመርፌ አይነካም፣ በብሽሽት በኩል ሙሉው ይወጣል። ለጡት ግን ያለ ናሙና ምኑን ነው የምናክመው? ካንሰር እኮ አንድ በሽታ አይደለም። ቀለም ቀብተን ሆርሞን ይቀበላል ወይ፣ ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ እንላለን፤ ኸር-ቱ የበዛበት ድሮ ክፉው ነበር፣ በፈረንጆቹ 1998 ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከጸደቀ ወዲህ ነገሩ ተቀየረ። አሊሰንና ሆንጆ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2018 ኖቤል ያገኙበት፣ የሰውነትን መከላከያ ፍሬን የሚለቅ ህክምናም ቢሆን ለማን እንደሚሰጥ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ናሙና ታይቶ ነው።

እና እባካችሁ፣ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የምታመላልሱ ቤተሰቦች፣ ፎርማሊን በሚባለው ናሙና እንዳይበላሽ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፣ በጓንት ተጠቅልሎ ደርቆ የመጣልኝ አለ፣ ምንም ላደርገው አልቻልኩም። ውጤት ስትወስዱ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ናሙናችሁ ሰም ውስጥ የተቀመጠባትን ብሎክ የት እንዳለች እወቁ፣ ሌላ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሷን ነው።