የዘላቂነት ሪፖርት ለምን በውጭ ኦዲተር ይመረመራል?

ካምፓኒዎች ስንት ካርቦን እንደለቀቁ፣ ስንት ውሃ እንደተጠቀሙ፣ ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደያዙ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ። ችግሩ ጸሐፊውም ተመስጋኙም ራሱ ካምፓኒው መሆኑ ነው። ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ይህን አምኖ ዝም አይልም፤ እውነቱን ነው። የጀርመኑ የኢንቨስትመንት ድርጅት ዲደብሊውኤስ ገንዘብ ሲያፈስ የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳዮችን ምን ያህል እንደሚያጤን አጋኗል ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 19 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል።

ስለዚህ ገለልተኛ ኦዲተር ይጠራል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ትልልቆቹን ካምፓኒዎች ሪፖርታቸውን እንዲያስመረምሩ ያስገድዳል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው የማረጋገጫው ደረጃ ላይ ነው። በ«ውስን ማረጋገጫ» ኦዲተሩ በዋናነት ይጠይቃል፣ ቁጥሮችን ያነጻጽራል። መደምደሚያውም «ጉልህ ስህተት አለ የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም» ነው። ልብ በሉ፣ ትክክል ነው አላለም! «ምክንያታዊ ማረጋገጫ» ጠለቅ ይላል። ኦዲተሩ እስከ ደረሰኙ ይወርዳል፣ የውስጥ ቁጥጥሩን ይፈትሻል፣ ከዚያ «በትክክል ተዘጋጅቷል» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። እሱም ቢሆን መቶ በመቶ ዋስትና አይደለም። ወጪው ስለሚከብድ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ይበቃቸዋል።

አንዳንዴ የተመረመረው የካርቦኑ ቁጥር ብቻ ነው። «ተረጋግጧል» የሚል ካያችሁ የኦዲተሩን ደብዳቤ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ገጾች ላይ ነው።