«ይገባል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው «ይገባል» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ አይነሣም። መካኒኩ አሮጌውን ፒስቶን (ሲሊንደር በሚባለው የሞተሩ ቀዳዳ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለውን ዕቃ) በጨርቅ ጠራርጎ ከአዲሱ አጠገብ ያቆመዋል። ባለመኪናው «ልጄ፣ ይሆናል ትላለህ?» ይለዋል። «ይገባል ጋሼ፣ ምንም አያስቡ።» አልዋሸም፤ በእርግጥም ይገባል። ተስማሚነት የሚባለው ግን ከገባ በኋላ የሚታይ ነገር ነው፦ ዕቃው ታስሮ፣ ሞቆ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሞተሩ የራሱ ዕቃ የሚሠራውን መሥራቱ።

ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሞተሮችን ዕቃ የሚቀላቅል የለም፤ የሚያሳስቱት ወንድማማቾቹ ናቸው። ከመተማ ሰሊጥ ጭነው የሚወጡትን አይሱዙዎች እንውሰድ። 4ኤችኤፍ1 የሚባለው ሞተር ሲሊንደሩ 112 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ፒስቶኑ የሚመላለሰው 110 ሚሊ ሜትር ነው። 4ኤችጂ1 ስፋቱ 115 ሆኖ ምልልሱ ያው 110 ነው። 4ኤችኬ1 ደግሞ ስፋቱን ከ4ኤችጂ1 ጋር ይጋራል፤ ምልልሱ ግን 125 ነው።

ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይነበባል። የ4ኤችኤፍ1 የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ 4ኤችጂ1 ላይ ቢታሰር፣ የብሎኑ ቀዳዳ ቢገጥም እንኳ ቀዳዳው ከሲሊንደሩ ስለሚጠብብ ከንፈሩ ወደ ሲሊንደሩ ሊያልፍ ይችላል። እሳቱ የሚነድደው እዚያ ነውና ከንፈሩ ተበልቶ ውኃ ከዘይት ይቀላቀላል። የ4ኤችጂ1ን ፒስቶን ወደ 4ኤችኬ1 ማምጣት ከዚህ ይብሳል፤ ስፋቱ እኩል ስለሆነ በቅባት እንደተለቀለቀ ሰተት ብሎ ይወርዳል። መለካት ያለበት ግን ፒስቶኑን ከቢየላው ከሚያያዘው ፒን ቀዳዳ እስከ ፒስቶኑ አናት ያለው ቁመት ነው። ቁመቱ ካነሰ አየሩ በቅጡ አይታመቅም፤ በጎንደር የጠዋት ብርድ ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ አልነሣም ይላል። ከበዛ ደግሞ ቫልቭ ይመታል። ካሊፐር (የዕቃ መለኪያ) የሌለው ጋራዥ ይህን በዓይኑ ሊፈርድ አይገባውም። (እዚህ ጋ ደግሞ «ይገባል» ሌላ ትርጉም አለው።)

ናፍጣ የሚረጨውም ፖምፓ እንዲሁ ነው። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ ዕቃ) ካለው ሞተር የወጣ ፖምፓ ቱርቦ በሌለው ወንድሙ ላይ ሳይስተካከል ከታሰረ፣ ሞተሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ያጠጣዋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከመተማው ቆላ ይልቅ ስስ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ደህና የነበረው መኪና ወደ ከተማው ሲቃረብ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ሾፌሩም ናፍጣው ተበርዟል ብሎ ማደያውን ይረግማል።

ፍሪሲዮን ከካምቢዮው ዘንግ ጋር መግጠሙን ለማወቅ ጥርሱን መቁጠር ቀላል ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሙሉ ሞተር ለሚለውጥ ግን ሌላም ነገር አለ፦ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ አዲሱ ሞተር በትራንስፖርት ቢሮ ካልተመዘገበ መኪናው ሲሸጥ ያጣላል። ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰውም «የአይሱዙ ፒስቶን» ብሎ ባይሄድ ይሻላል፤ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ፣ አሮጌውንም ፒስቶን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይያዝ።