ብሬን ስፔሪንግ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የአልትራሳውንድ ውጤት ላይ ብሬን ስፔሪንግ የሚል ሲያዩ ብዙዎች አንጎሉ ተጎዳ ማለት ይመስላቸዋል፣ ቃሉ ግን የሚለው ፅንሱ አንጎሉን እያስቀደመ ነው ነው። ማህፀን ውስጥ ሳንባው ስራ አልጀመረም፣ ኦክስጅን የሚመጣለት ከእንግዴ ልጁ በእትብት ነው፣ ስለዚህ ሲያንሰው እንደኛ ቶሎ ቶሎ ልተንፍስ ማለት አይችልም፣ ያለችውን ያብቃቃታል እንጂ። ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ አድሬናል እጢ (ከኩላሊት በላይ ያለችው ሆርሞን አመንጪ እጢ) የሚሄዱት የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ የቆዳው የጡንቻው የአንጀቱ የኩላሊቱ ደግሞ ይጠባሉ። የሚገርመኝ ልቡ ነው፣ እኛ አየር ሲያጥረን ልባችን ይሮጣል፣ የሱ ግን ኦክስጅን ድንገት ሲቀንስ ቀስ ይላል፣ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚመታው ወደ ታች ይወርዳል።

ነገሩ ለሳምንታት ከቆየ ኩላሊቱ ደም ስለሚያንሰው ሽንቱ ይቀንሳል፣ የሽርት ውሃውም አብሮ ያንሳል (ውሃው በአብዛኛው የልጁ ሽንት ነው፣ አዎ)፣ ጭንቅላቱ ደህና እያደገ ሆዱ ይቀጥናል። ዶፕለር (የደም ፍሰት የሚያሳየው አልትራሳውንድ) ላይ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም እንደልቡ ሲፈስ ታያላችሁ፣ ላየው ሰው ጥሩ ዜና ይመስላል፣ ልጁ ግን ቁጠባ ላይ ነው፣ ሐኪሙም ቶሎ ቶሎ ተመለሺ የሚለው ለዚህ ነው።