ቡጢ ከእግር ይነሳል፦ የቦክስ ስልጠና በጎንደር

ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህማ ስለሌላ ስፖርት የሚያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቦክስ ከኳስ ጎን ትንሽ ቦታ ነው ያለው። ቦክስ ሊማር የሚመጣው ወጣትም ብዙውን ጊዜ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ነው። ይህ ጥቅምም ጣጣም አለው።

አዲስ ሰልጣኝ ጓንት ለማጥለቅ ይቸኩላል። መጀመሪያ የሚማረው ግን መቆም ነው። ቀኝ እጁ ጠንካራ የሆነ ሰው ግራ እግሩን ያስቀድማል፤ ግራኝ ከሆነ ይገለብጠዋል። በእግሮቹ መካከል የትከሻ ስፋት ያህል ይተዋል። ጉልበቱ ለቀቅ፣ የኋላ ተረከዙ ከመሬት ነሳ ይላል። አገጩ ወደ ደረቱ ይገባል፤ እጆቹ ጉንጩ ጋ ይሆናሉ፤ ክርኖቹ ጎኑን ይሸፍናሉ።

ሪንግ በሌለበት አሰልጣኙ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል። የፊተኛው እግር ከመስመሩ ወዲህ፣ የኋለኛው ወዲያ ነው። ሁለቱም መስመሩ ላይ ካረፉ ሰውየው ከጎን ሲገፋ ይወድቃል።

«ኮች፣ መቼ ነው የምንመታው?»

«መጀመሪያ ቁም!»

ከመቆም ቀጥሎ መንቀሳቀስ ይመጣል። ወደፊት ሲኬድ የፊተኛው እግር ይቀድማል፣ የኋለኛው ይከተላል። ወደኋላ ሲሆን የኋለኛው ይቀድማል። ወደ ግራ ግራው፣ ወደ ቀኝ ቀኙ። እግር አይጠላለፍም፣ አይገጥምምም። ኳስ ተጫዋቹ የሚቸገረው እዚህ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፣ ግን ሜዳ ላይ ወደ ጎን ሲሮጥ ማጠላለፍ ለምዷል። እግሩ በተጠላለፈበት ሰዓት ቀላል ምት እንኳ ይዘርረዋል።

የቡጢዎቹ ስም ብዙ አይደለም፦ ጃብ፣ ክሮስ፣ ሁክ፣ አፐርካት። ጃብ ከፊተኛው እጅ ይወጣል፤ ርቀት ይለካል፣ መንገድ ይከፍታል። ሁክ ክርን ታጥፎ ከጎን፣ አፐርካት ከታች ወደ ላይ ነው። ከኋለኛው እጅ በቀጥታ የሚወጣው ክሮስ ግን ዘርዘር ብሎ መታየት አለበት፤ የአሰልጣኙ ችሎታ የሚለካው እሱ ላይ ይመስለኛል። የኋላ እግር በጣቶቹ ሥር ባለው ክፍል ላይ ይዞራል፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይለቀቃል። ጡጫው ሲያርፍ መዳፉ ወደ መሬት ይመለከታል። እጁም በሄደበት መንገድ ቶሎ ወደ ጉንጩ ይመለሳል።

እስክስታ ሲመታ ያደገ የጎንደር ልጅ ትከሻው አይደርቅም። ፈተናው ወገቡ ላይ ነው። እስክስታ ትከሻን ከወገብ ለይቶ ያጫውታል፤ ቡጢ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አሰልጣኙ ሰልጣኙን እጁን ደረቱ ላይ አስጣምሮ ዳሌውን ብቻ ደጋግሞ ሊያዞረው ይችላል።

ሌላው ጣጣ የሰፈር ጠብ ያስለመደው ነው፤ ከመምታት በፊት እጅን ወደኋላ መሳብ። ሊመታ መሆኑን ለተጋጣሚው አስቀድሞ መንገር ነው። አንዱ እጅ ሲሄድ ሌላው ከጉንጭ መውረዱም የተለመደ ነው። ለዚህ ምክር ብዙም አይሰራም። አሰልጣኙ ፓድ፣ ማለትም ምት የሚቀበልበትን የእጅ ትራስ ይዞ ሲያስመታ፣ እጁ የወረደበትን ልጅ በዚያው ፓድ ጉንጩን ቸብ ያደርገዋል። ይማራል።

ጡጫ ሲጨበጥ አውራ ጣት ከውጭ ይሆናል፣ የእጅ አንጓ ቀጥ ይላል። ምቱ የሚያርፈው በአመልካችና በመሀል ጣት አንጓ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ካረፈ ከኋላዋ ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ፋሻ አጥብቆ የሚጠመጠመውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ጣት እስኪደነዝዝ አይደለም።

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ትንፋሹን ይዞ የሚመታ ሰው ቶሎ ያልቅበታል፤ በእያንዳንዱ ምት አጠር አድርጎ መተንፈስ ይማራል። በአማተር ውድድር አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሦስት ዙር ይደረጋል፣ በመሀል አንድ ደቂቃ ይታረፋል። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት መሮጥ ለባትም ለትንፋሽም ጥሩ ነው። ቁልቁለቱን ግን በእርምጃ መውረድ ይሻላል፤ ሩጫው ጉልበት ይጎዳል። በ55 ቀኑ ሁዳዴ ለሚጾም ሰልጣኝ ከባዱ ልምምድ የዕለቱን ጾም ወደሚፈታበት ሰዓት ቢጠጋ ይመረጣል።

የሴቶች ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ኦሎምፒክ ገብቷል። አቋቋሙም አመታቱም ያው ነው።

ስፓሪንግ፣ ማለትም ከሌላ ሰልጣኝ ጋር የሚደረገው የልምምድ ግጥሚያ፣ የሚጀመረው እግርና እጅ ከተግባቡ በኋላ ነው፤ የራስ መከላከያና የጥርስ መከላከያ ተደርጎ፣ ኃይል ተቀንሶ። ዳኛ የሚቆጥረው በጓንቱ የአንጓ ክፍል የጭንቅላትን ፊትና ጎን ወይም ከቀበቶ በላይ ያለውን አካል በንጹህ ያገኘ ምት ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ወይም ያስመለሰው ሰልጣኝ «ደህና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን አይመለስም። ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለትም ስፓሪንግ አይገባም።